የአባቴ ጥሩምባና በቁማቸው የተለቀሰላቸው ሰው

ይህ ነገር የገጠመኝ አምና፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ በዋለ አንድ ቅዳሜ ነው። ከዚያ ወዲህ የእንጦጦን ጋራ ቀና ብዬ ባየሁ ቁጥር ብቻዬን ስለምስቅ፣ የሥራ ጓደኞቼ ምን ነካህ እያሉ ይጨቀጭቁኛል። ለእያንዳንዱ ሰው ከማስረዳ አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። በአጭሩ፣ በዚያን ቀን አንድ የማላውቃቸውን አዛውንት በጠራራ ፀሐይ ገድዬ፣ እዚያው ቤታቸው ምሳ በልቼ ተመልሻለሁ።

መጀመሪያ አባቴን ማወቅ አለባችሁ። ስሙ ደምሴ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን መጥታችሁ ደምሴ ብቻ ብትሉ ግን የሚያሳያችሁ ሰው የለም፤ ደምሴ ጥሩምባ ማለት ያስፈልጋል። የሰፈራችን ዕድር ጥሩምባ ነፊ ነበር። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ ከላይኛው መንደር እስከ ወንዙ ድረስ እየዞረ ይነፋል። ከነፋ በኋላ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ይናገራል።

ከእሱ በፊት አያቴ ነፍተዋል። ጥሩምባውም ያው የአያቴ ነው። ነሐስ ነው፣ ሁለት ቦታ ተበይዷል፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ስርጉድ ያለ ቦታ አለው። አባቴ አንድ ማለዳ የተፈታ ውሻ ሲመክትበት ነው የተሰረጎደው። ውሻው ምንም አልሆነም።

የዚህ ሰው ልጅ ሆኖ ማደግ ቀላል አልነበረም። አባቴ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ እንኳ ከፊቱ የሚመጣው ሰው ፊቱ ይለዋወጣል። አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ካርዴን ሊቀበል መጣ። እዚያው ሰፈራችን የምትኖረው አስተማሪዬ በር ላይ ስታየው ጠመኔውን ጥላ "ማን ነው?" አለችው፤ ለመረጋጋት ውሃ ጠጣች። ባለቤቴን ሰናይትን ሊጠይቁልኝ ሽማግሌ የተላከ ጊዜ ደግሞ አባቴ እኔም ካልሄድኩ ብሎ ተከተላቸው። አማቴ በሩን ከፍተው እሱን ከፊት ሲያዩት ጭንቅላታቸውን ይዘው ወደ ጓዳ ሮጡ። አገር ቤት ያሉት እናታቸው ያረፉ መስሏቸው ነው። ሽማግሌዎቹ እሳቸውን አረጋግተው የጋብቻውን ነገር እስኪያነሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ።

ከሁለት ዓመት በፊት ዕድራችን ዘመነ። የሞት ዜና በስልክ መልእክት መላክ ጀመረ፤ የቴሌግራም ግሩፕም ተከፈተ። አባቴ በስብሰባ ፊት ጋቢ ተሸለመና ጥሩምባው ማስታወሻ ይሁንህ ተባለ። ጋቢውን ለበሰው፤ ነገሩን ግን አልዋጠውም። የመጀመሪያው ሞት በግሩፑ ላይ ሲነገር፣ አንድ ጎረቤታችን ማየቱን ለመግለጽ ይሁን ጣቱ ስቶት፣ የአውራ ጣት ምልክት አደረገበት። አባቴ ስልኬን ተቀብሎ መነጽሩን አደረገና ትክ ብሎ አየው።

"ሰውዬው መሞቱን ወዶታል ማለት ነው?" አለኝ።

ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ባስረዳውም አልሰማኝም። ያንን ጎረቤታችንን እስከ ትንሣኤ ድረስ ሰላም አላለውም።

አባቴ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። ትንፋሹ አጥሯል፤ የቤታችንን ደረጃ ሲወጣ እንኳ ሁለት ጊዜ ያርፋል። አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ ጥሩምባውን ከአልጋው ሥር አወጣና ጭኔ ላይ አጋደመው።

"እኔ ስሞት በስልክ እንዳታስጠራኝ" አለኝ። "አንተ ትነፋልኛለህ።"

እኔ ወሰን የሚባለው ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ነገሩን በቀልድ ላልፈው ፈልጌ በዚህ ዘመን ማን ጥሩምባ ይነፋል አልኩት። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ጥሩምባ ስትጠግን እየዋልክ የአባትህ ሲሆን ነው የከበደህ ብሎ አፌን አስያዘኝ። ቤቱ የቀበሌ እንደሆነ፣ ከእሱ የምወርሰው ሌላ ነገር እንደሌለ፣ ያለው ይኸው ጥሩምባና አነፋፉ ብቻ እንደሆነም አስታወሰኝ።

እውነቱን ለመናገር እምቢ ያልኩት አፍሬ አልነበረም። እሺ ካልኩ አባቴ የሚሞትበትን ቀን በፊርማዬ ያጸደቅኩ መሰለኝ። ይህን ግን ለእሱ መናገር አልቻልኩም፤ ሥራ ይበዛብኛል አልኩት። ሦስት ቀን አኮረፈኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እራቱን ሲበላ አራተኛው ቀን ላይ አላስቻለኝም። እሺ አልኩ።

ቀጥሎ የመጣው ችግር የት እንለማመድ የሚለው ነበር። ጥሩምባ ሰፈር ውስጥ ቁጭ ብለው የሚለማመዱት ነገር አይደለም፤ አንዴ ከተነፋ ሰው ሞቷል። መኝታ ቤት ገብቼ አፉ ውስጥ ሹራብ ጎስጉሼ ሞከርኩት። የጎረቤታችን ሴት አንኳክታ ጥጃ ገዛችሁ እንዴ ብላ ጠየቀች። ሰናይት ወይ ጥሩምባው ወይ እኔ አለች፣ አባቴም እንጦጦ እንውጣ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ተነሳን። አባቴ ሙሉ ልብሱን ለበሰ፣ ክራቫቱን አሰረ። ጥሩምባውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቀለልነው፤ ሰፊው አፉ ግን ብቅ ብሎ ቀረ። ታክሲ ውስጥ ከጎናችን የተቀመጡ አንዲት ሴት መጀመሪያ ጥሩምባውን፣ ቀጥሎ አባቴን አዩ።

"አቶ ደምሴ፣ ማን ነው?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አባቴ ማንም እንዳልሞተ፣ አየር ልንቀበል እየወጣን እንደሆነ ነገራቸው። በክራቫት አየር የሚቀበል ሰው ማን ያምናል? የሚቀጥለው ፌርማታ ሳንደርስ ሦስት ተሳፋሪዎች እቤታቸው ደውለው ሁሉም ሰው ደህና መሆኑን አረጋገጡ። ረዳቱ የከፈልነውን መለሰልንና ቀሪውን በእግራችሁ ብትሄዱ ምን ይመስላችኋል አለን።

በባሕር ዛፉ መሃል ያለውን ቀጭን መንገድ ይዘን፣ አባቴ በየመታጠፊያው እያረፈ፣ ቀስ እያልን ወጣን። ዛፉ ገለጥ ያለበት ሜዳ ላይ ስንደርስ በዚህ በኩል ሰው የለም አለ። ከጉብታው ጀርባ አንድ መንደር እንዳለ ያወቅነው ኋላ ነው።

አባቴ የተቆረጠ ግንድ ላይ ተቀመጠና ትምህርቱ ተጀመረ። በጉንጭህ ሳይሆን በሆድህ ንፋ አለኝ። ነፋሁ። የወጣው ድምፅ ውሃ ጠፍቶ ሰንብቶ ሲመጣ ቧንቧችን የሚያሰማው ዓይነት ነበር። አባቴ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። በዚያ የሚያልፉ ሁለት ሯጮች ዞር ብለው አይተውን ፍጥነታቸውን ጨመሩ።

እኔ ትንፋሼን ስሰበስብ እሱ የቀረውን ሙያ ይነግረኛል። መርዶ ያልተነገረው ዘመድ ካለ የእሱን ቤት ዙረህ እለፍ። አራስ ያለችበት ደጃፍ ላይ አትቁም። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት አባቴ ዝም ብሎ እየነፋ የሚዞር ይመስለኝ ነበር፤ ማን የት ቤት እንደሚያድር፣ ማን ልቡ እንደሚደክም፣ ማን ማንን እንደሚወድ በቃሉ ይዞ እንደሚዞር አላውቅም ነበር። በመጨረሻ ዋናውን ነገረኝ።

"ነፍተህ ስታበቃ ወዲያው ስም አትጥራ። ምራቅህን ሦስት ጊዜ እስክትውጥ ቁም። የተኛው ይነሳ፣ የቆመው ይቀመጥ፣ የሚይዘው ሰው ያለው ሰውዬውን ይያዝ። ከዚያ ጥራ።"

ለምን ሦስት ጊዜ እንደሆነ ጠየቅኩት። ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን ማየት ጀመረ።

"አባቴ ያስተማሩኝ ሁለት ነው" አለ። "እናትህ ያረፈች ጊዜ የነፋሁት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ውጬ ስሟ አልወጣ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ነው።"

እናቴ ስትሞት የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። በዚያ ማለዳ የነፋው ማን እንደነበር አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ጥሩምባውን አነሳሁ።

ያን ጊዜ ነው የተነፋልኝ። ረጅም፣ ጥርት ያለ፣ ከሆዴ የመጣ ድምፅ ጋራውን ሞላው፤ እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ከሩቅ ውሾች ጮኹ። አባቴ ብድግ አለ። እንደ ደንቡ ሦስት ጊዜ አስነፋኝና አሁን ስም ጥራ አለኝ። የማንን ብዬ ጠየቅኩት።

"የማን ይሆናል? የእኔን ነዋ። ለማን ብለህ ነው የምትማረው?"

ድንጋይ ላይ ቆምኩ። ምራቄን ሦስት ጊዜ ዋጥኩ። አባቴ ከፊቴ በሙሉ ልብስ ቆሞ፣ እጁን አጣምሮ፣ ውጤቱ እንደሚነበብለት ተማሪ የገዛ ሞቱን ይጠብቃል። "አቶ" አልኩ። ከዚያ ወዲያ አልሄድ አለኝ። አራተኛ ዋጥኩ፣ አምስተኛ ዋጥኩ። እንደገና ከመጀመሪያው ንፋ ብሎ ተቆጣ። እንደገና ሦስት ጊዜ ነፋሁ። እንደገና ዝም።

ከጉብታው ጀርባ ያለው መንደር ዕድሩ ገና በጥሩምባ ነው የሚጠራው። ጥሩምባ ስድስት ጊዜ ተነፍቶ ስም ሳይጠራ ሲቀር ሰው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ በልቡ ሲፈራው የነበረውን ስም ራሱ ይሞላበታል። በዚያ መንደር ሁሉም ሰው የሚፈራው ስም አንድ ነበር። አባባ ቱፋ የሚባሉ ሽማግሌ ታመው ከአልጋ ከዋሉ ወር አልፏቸዋል።

መጀመሪያ ያየነው ጋቢውን ትከሻው ላይ እየጎተተ የሚሮጥ ጎልማሳ ነው። "ወይኔ አባባ ቱፋ" እያለ በአጠገባችን አለፈ። ቀጥለው ቅጠል ተሸክመው ይወርዱ የነበሩ ሁለት ሴቶች ሸክማቸውን መንገድ ላይ ጥለው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወደ መጡበት ተመለሱ። አባቴ እንደ ባለሙያ ቆሞ ሲመለከታቸው ቆየና ፊቱ ተለወጠ።

"ልጄ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "ሰው ገድለናል።"

የማልኮራበትን ነገር መደበቅ አልፈልግም፤ የእኔ ሐሳብ ጥሩምባውን ከረጢቱ ውስጥ ከትተን በጫካው ቁልቁል መጥፋት ነበር። አባቴ በውሸት የነፋ ጥሩምባ ነፊ ራሱ ሄዶ ይመልሰዋል አለ። ደረጃ ሲወጣ ሁለት ጊዜ የሚያርፈው ሰውዬ ያንን ጉብታ አንድ ጊዜ ሳይቆም ወጣው። እኔ ከረጢቱን ታቅፌ ከኋላው እከተላለሁ።

ስንደርስ የአንድ ቤት ደጃፍ በሰው ተሞልቷል። ወጣቶች የድንኳን ቋሚ ያወጣሉ። የአባባ ቱፋ ባለቤት ወፍጮ ቤት ሳሉ ሰምተው በዱቄት እንደነጡ መጥተው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉም ሰው ሌላው ገብቶ ያየ ስለመሰለው ወደ ውስጥ የገባ አንድም ሰው አልነበረም። አባቴ ከሰው ኋላ ቆሞ የዕድሩ ዳኛ የት እንዳሉ ጠየቀ።

በዚህ መሃል አንድ ረጅም፣ ክስት ያሉ ሽማግሌ ከቤቱ ጓሮ በኩል በከዘራ ቀስ እያሉ መጡና ከጎኔ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ከፊታችን የምታለቅሰውን ሴት በከዘራቸው ነካ አደረጓት።

"ማን ነው ያረፈው?" አሏት።

"አባባ ቱፋ" አለች፣ ፊቷን ከነጠላዋ ሳታወጣ።

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ።

"የትኛው ቱፋ?"

"የእኛው ነዋ፣ የዚህ ቤቱ" ብላ በእጇ ወደ ቤቱ እያሳየች ዞር አለች። ከዚያ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

አባባ ቱፋ እንደነገሩን፣ ተኝተው ሳለ ጥሩምባውን ሰምተው ጎረቤት የሞተ መስሏቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀብር ቀርተው ስለማያውቁ በአንድ ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአልጋቸው ተነስተው፣ ለቅሶው ወደሚሰማበት አቋርጠው ለመድረስ በጓሮ ወጥተዋል። ለቅሶው የገዛ ደጃቸው ላይ እንደሆነ ያወቁት ሲደርሱ ነው።

ዝምታው ከኋላ ጀምሮ ወደ ፊት ሄደ። ፊት ያሉት ስላልሰሙ ለጥቂት ጊዜ ማልቀሳቸውን ቀጠሉ። ባለቤታቸው መጨረሻ ላይ ቀና ብለው ሲያዩዋቸው ተነስተው መጡና በነጠላቸው ጫፍ ደረታቸውን መቷቸው። በዚህ ብርድ ማን ተነስ አለህ ብለው ተቆጡ፣ ከዚያም አንገታቸው ላይ ተጠምጥመው አዲስ ለቅሶ ጀመሩ።

የዕድሩ ዳኛ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ግን ትልቅ ሰው ነበሩ። ጥሩምባ የነፋው ማን ነው ሲሉ የሰዉ ሁሉ ዓይን እኔ ከታቀፍኩት ከረጢት ላይ አረፈ፤ የጥሩምባው አፍ እንደገና ብቅ ብሏል። ልናገር አፌን ስከፍት አባቴ ከፊቴ ቆመ።

"ያስነፋሁት እኔ ነኝ" አለ። "ልጄን የራሴን ሞት ሳለማምደው ነው።"

ክራቫቱን አስተካክሎ ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያው ተረከላቸው፤ ስለ አያቴ፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ግሩፑ። እስከዚያ ድረስ ፊታቸውን አጥቁረው የሰሙት ሰዎች የአውራ ጣቱ ታሪክ ላይ ሲደርስ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ከእሱ ጋር ሆኑ። አንድ ሰውዬ ይኼ እኮ ግፍ ነው አለ። ዳኛው ግን ሕግ ሕግ ነው አሉ። ከማዶ መንደር ሰው እየመጣ ስለሆነ የነፋው ሰው ራሱ ነፍቶ ይመልሰው፣ ስም ጠርቶ ይመልሰው ብለው ፈረዱ።

ከደጃፉ ራቅ ብሎ ያለ ድንጋይ ላይ አወጡኝ። አባቴ ከአጠገቤ ቆመ። ነፋሁ፤ ደግነቱ አላሳፈረኝም። ከዚያ ዋጥኩ። አባቴ እጁን ወደ ታች አድርጎ በጣቱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይቆጥርልኛል።

"አባባ ቱፋ" ብዬ ጮህኩ። "አባባ ቱፋ አላረፉም! ደህና ናቸው! ቤታቸው አሉ!"

ሴቶቹ እልል አሉ። በሕይወቴ የጠራሁት የመጀመሪያ ስም የሕያው ሰው ስም ሆነ። አባቴን ዞር ብዬ ሳየው ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ድምፅህ ከእኔ ይሻላል፣ ሦስተኛው ላይ ግን ቸኩለሃል አለኝ።

ለለቅሶው የተጀመረው ወጥ ይባክን ወይ ተብሎ ምሳ ሆነ። አባባ ቱፋ አልጋ ውስጥ ግባ ቢባሉ እምቢ ብለው ደጃፍ ላይ ወንበር አስወጡ። ሁለተኛውን ጥሩምባ ሳይሰሙ ከሩቅ እያለቀሱ የሚመጡትን ራሳቸው እየተቀበሉ፣ እኔ ነኝ፣ አይዞህ፣ ግባና ብላ ይሏቸዋል። ማን እንደመጣና ማን እንደቀረም በዓይናቸው ይመዘግባሉ። አንድ የእህታቸው ባል ምሳው ካለቀ በኋላ መጣና እየሮጥኩ ሳለ አለመሞትዎን ሰምቼ ነው ቀስ ያልኩት አለ።

"ሁለተኛውን ከሰማህ የመጀመሪያውንም ሰምተሃል" አሉት። ወንበር አልሰጡትም።

ልንሰናበት ስንነሳ አባባ ቱፋ እጄን ይዘው፣ የእውነቱ ቀን ሲመጣ እኔንም ይኸው ልጅ ይንፋልኝ አሉ። አባቴ ወዲያው ጣልቃ ገባ። ልጁ የእኔ ነው፣ ጥሩምባውም የእኔ ነው፣ መጀመሪያ እኔ አለ። አባባ ቱፋ በዕድሜ እበልጣለሁ፣ ደግሞ እኔ አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ አሉ። ዳኛው መሃል ገብተው እስኪገላግሏቸው ድረስ ሁለት ሽማግሌዎች በሞት ተራ ሲጣሉ ቆሜ አየሁ።

አሁን ሁለቱም ደህና ናቸው። አባባ ቱፋ ከዚያን ቀን በኋላ አልጋ ላይ አልዋሉም፤ ባለቤታቸው ጥሩምባው ነው ያዳነው ይላሉ። እኔና አባቴ በወር አንድ ቅዳሜ እንወጣለን። አስቀድመን ለዳኛው እንደውላለን፣ እሳቸውም ለመንደሩ ዛሬ ልምምድ ነው ብለው ያስነግራሉ። በስልክ መሆኑን አባቴ አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል።

ጥሩምባው አሁን እኔ መኝታ ቤት ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ሰናይት በወር አንዴ ስርጉዱን ትወለውልልኛለች። ማንኛውንም ስም አሰማምሬ እጠራለሁ፤ የአባቴን ግን እስካሁን አልሞከርኩም፣ እሱም ከዚያ ቀን በኋላ ጥራ ብሎኝ አያውቅም። በሕይወቴ በደንብ ተምሬ፣ የምሠራበት ቀን እንዳይመጣ የምለምንለት ሙያ ይኼ ብቻ ነው። አያቴ ሁለት ጊዜ ይውጡ ነበር፣ አባቴ ሦስት አደረገው። የእኔ ስንት እንደሚሆን አላውቅም።